ዝቅ ብሏል

እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ብየዳ ነው ሥራዬ፤
ከሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጓዳዬ
የሚያፈስ ባልዲ ስደፍን፣ የፋኖስ ጆሮ ስቀጥል፣
መጣ ሻምበል ውዱ ይማም፣ ጉሙ ጦሳ ላይ ሲንጠለጠል።
ቱባ አቅፎ ነበረ፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ፤
«ሆዱ ጎድጉዷል» አለኝ፣ «መዶሻ አይንካው፤ በእጅ፣
ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋው።»
ገፋሁት። ነፋው። አዳመጠ።
«ዝቅ ብሏል» አለና ሒሳቡን ከፍሎ ተቀመጠ።
«ምኑ?»
«ድምፁ። በፀጉር። በግማሽ ፀጉር።»

የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው፤ አባቱ መንዙማ ዐዋቂ፣
እናቱ ለማርያም ጽዋ ጠማቂ፤
በአንድ ጆሮው ድቤ፣ በአንድ ጆሮው ጸናጽል
ሲሰማ አድጎ፣ ጦር ሰፈር ገባ፣ ጥሩምባ ሊወለውል።
መወልወሉ መንፋት ሆነ፤ መንፋቱ ኖታ መጻፍ፤
አምስት መስመር ሽቦ፣ ወፍ የሰፈረበት ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ማርሽ ደረሰ ለክፍለ ጦሩ፣ ሰባት ማርሽ በሰባት ዓመት፤
ሰባቱ ተጨበጨበላቸው፤ ስምንተኛዋ በባቲ ወጣችበት።
«ማርሽ ነው ወይስ ለቅሶ?» አሉት ኮሎኔሉ፣ «የወታደሩ እግር ከበደው!
በዚህ ዜማ ማን ወደ ፊት ይሄዳል?»
«ቤቱ የናፈቀው» አለ፤ «ቶሎ ጨርሶ ሊመለስ ነው የሚሄደው።»
ሦስት ቀን ታሰረ።
ዜማዋ ከሻንጣው ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ ኖረች።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ወሎ ያውቀዋል።
ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሏል።
ባንዱ ተሰለፈ፣ አዝራሩ ወርቅ፣ ጓንቱ የጸዳ፤
ከሽቦው ወዲያ፣ የሰው ጭድ የተበተነበት ሜዳ።
እኔ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ነበርሁ፣ ሚስማር በአፌ ይዤ፤ አየሁ።
ውዱ በትሩን አነሣ።
ሃያ ሁለት አፍ ትንፋሹን ሳበ።
በትሩ አልወረደም።
አውሮፕላኑ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ባለሥልጣኑ ክራቫቱን ነካ፤
በትሩ አልወረደም።
ከሽቦው ወዲያ አንድ ሕፃን አለቀሰ፣
ቀጭን፣ አንድ ድምፅ።
ያን ቀን የተሰማው ሙዚቃ ያ ብቻ ነው።

ማዕረጉን ገፈፉት። ጸሐፊ አደረጉት፣ እህል ግምጃ ቤት፤
ጆንያ ቆጠረ፣ በኖታ ደብተሩ ላይ፣ አምስት በአምስት።
በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲፈርስ ነሐሱ ገበያ ወጣ፤
ትሮምቦን በኪሎ ተሸጠ፤ ከበሮው የዶሮ ቤት ሆኖ መጣ።
እኔም ገዛሁ። አልዋሽም። በሌሊት አቀለጥሁ፣ ውዱ ሳያይ፤
የቧንቧ አፍ ሠራሁበት፣ የበር እጀታ፣ ምን የማይሠራ ነገር አለ በነሐስ ላይ?
አንዲት ጥሩምባ ግን እጄ እምቢ አለ፤
ለሰፈራችን ቅሬ ሰጠኋት፣ መርዶ እንድትነፋ፤ ዕዳዬ የቀለለ መሰለ።

ጠሪው አረቡ ጎሕ ሲቀድ በነፋት ቁጥር፣
መስኮት ይከፈታል፤ ሽማግሌው በካፖርት ብቅ ይላል፤
«አረቡ! ዝቅ ብሏል! ከንፈርህን ሰብሰብ! ሬሳም ቢሆን ይሰማሃል!»
መስጊድ ይሂድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣
በተዛነፈ ድምፅ ሰው መቅበር አልሆነለትም ያን ሁሉ ዘመን።
ሰፈሩ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም።
ጥሩምባዋ አንገቷ ላይ ተሰብራ ነበር፤ ብየዳው የኔ ነው።
ቸኩዬ ነበር።
መዶሻ ነክቷታል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ውዱ ይማም አረፈ።
ሻንጣውን ከፈትን። ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል፤ ዜማዋ አለች፤ አንባቢ የለም።
ከላይ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ አንድ መስመር፦
«ከመጀመሪያው በፊት፣ ረጅም ዝምታ።»

አረቡ ወጣ። ጉም ነበረ። ከንፈሩን ሰበሰበ። ነፋ።
አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከቧንቧ ውሃ እስከ አዝዋ ገደል።
ሁላችንም ቀና ብለን ወደ መስኮቱ አየን።
ልክ ነው? ዝቅ ብሏል?
መስኮቱ ዝግ ነው።